በኤደን ያልሞቱት አባቴ

እኛ አገር አያቱ የት እንደተወለዱ የተጠየቀ ሰው «እዚያ ማዶ» ብሎ በአገጩ ይጠቁምና ነገሩ ያልቃል። መዝገብ የለ፣ ጸሐፊ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ዘሩ ባሕር የተሻገረ ሰው ግን መከራ አለበት፤ ማዶው ሩቅ ነው፣ አገጭ አይደርስበትም።

አባቴ አረብ ነበሩ። ከኤደን መጥተው አንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ስማቸው ሳሊም አብደላ። እንዲህ ብለን ኖርን፤ እንዲህ ብለን ቀበርናቸው። መንግሥት ተለውጦ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲመጣ፣ ዲግሪ የጫነ ሰው አይዋሽም ብዬ «አረብ» አስጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቴ የውጭ ዜጋ በዚህ መደብ አይሠራም ብሎ አሰናበተኝ። የእናቴ ሐበሻነት አልተቆጠረልኝም። ይኸው ሰባተኛ ሰፈር ለነጋዴ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ቂሙን እንደ ሪህ ነው የያዝኩት፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ይነሳል። እናንተም ብትሆኑ አትለቁትም ነበር።

የውጭ ዜጋ ካላችሁኝማ የአባቴ አገር ፓስፖርትም ይድረሰኝ አልኩ። ለዚያ የአባቴ የልደት መዝገብ ያስፈልጋል። የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሐጂ ከድር ምንጣፍ ሊያመጡ ወደ ኤደን ሲሄዱ፣ የአባቴን ስምና ፎቶ አስይዤ ከመዝገብ ቤት እንዲያስወጡልኝ ለመንኳቸው።

ተመልሰው ሲመጡ የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው አስቀመጡኝ። የመዝገቡ ሹም ስሙን ገና ሲያይ፣ ሰውየው እኮ በሕይወት አሉ፣ ቤታቸው እዚህ ጀርባ ነው ብሎ አስጠራቸው። አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ተደግፈው ገቡ። ሳሊም አብደላ። ፎቶውን አይተው ወዲያው አወቁት፤ በወጣትነታቸው ወደብ ላይ አብሯቸው ጆንያ የተሸከመ የወሎ ልጅ ነው። አገሩ ሲመለስ የአረብ ነጋዴዎች አምነው ዕቃ በዱቤ እንዲሰጡት፣ ስማቸውንና ወረቀታቸውን አውሰውት ነበር።

«መቼ ሞተ አለኝ» አሉ ሐጂ። «በረመዳን፣ ጁምዓ ሰግደን ቀበርነው አልኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ልጄ? ያን ጁምዓ አፌ አፈር ሞላው፤ ልጆቼ በጣታቸው ሲያወጡልኝ ዋሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? አካፋውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

ፈራሁ። ቂም ግን ከፍርሃት ይበረታል። ሐጂ ያመጡት ወረቀት፣ ሳሊም አብደላ በሕይወት እንዳሉ፣ ከኤደን ወጥተው እንደማያውቁና ስማቸውን ለወሎ ልጅ እንዳዋሱ በማኅተም ይመሰክራል። እንግዲያው አባቴ ወሎዬ ናቸው፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ገሰገስኩ።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳልኝ። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው።

«ጋሼ» አለኝ በትሕትና፣ «እንዲህ ከሆነ እኮ እኛ ያሰናበትነው የሳሊምን ልጅ ነው። እርስዎ እዚህ ሠርተው አያውቁም።»

«ዲግሪዬስ?»

«እሱም የሳሊም ልጅ ዲግሪ ነው።»

እናንተም ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። እኔም ደረጃውን ስወርድ ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የተበደለው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት የሰው ቂም ነው። ላወርደው ሞክሬ ነበር። እጄን እንዳነሳሁ ደነገጥኩ፤ እሱም ከሄደ የእኔ ነው የምለው ምን ሊቀረኝ ነው?