ሥልጣኔን ማን ይቅመስ?

ሥልጣኔ የሚወድ፣ ግን መጀመሪያ በሌላ ሰው ላይ የሚሞክር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ግራዝማች አውቃለሁ። በርሜል፣ የጋዝ ሲሊንደርና ጎማ ገጣጥመው፣ እንደ ጠርሙስ አምቦ በጋዝ የሚፈላ ውሃ ሳሎናቸው ድረስ በቧንቧ አስገቡና ለምረቃው ጠሩን።

መቼም በደንቡ ጌታና እንግዳ ከመጠጣታቸው በፊት አሳላፊው በመዳፉ ይቀምሳል፤ መርዝ ቢኖርበትስ? ሸምገል ያለው አሳላፊያቸው አየለ ወደ ቧንቧው ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ውስጡ እያጉረመረመ ነው።»

«ቅመስ እንጂ አንተ! እንግዳ አታስጠብቅ!»

ሲከፍተው ቧንቧው ከነውሃው ተፈናጥሮ አፉን መታው። ጥርሶቹ ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ግራዝማች ደንግጠው ሮጡና ቧንቧቸውን አነሡ። መልሰው እስኪገጥሙት ድረስ እኛ አየለን ትክ ብለን እናየው ነበር። አልሞተም።

ስለዚህ ጠጣን። ብርጭቆውን ያዞረልንም እሱ ነው።