ዘመዴ የሸጡልኝ መኪና

እኛ ሰዎች መኪና ገዝተን አናውቅም። የምንገዛው ሻጩን ነው፤ መኪናዋ ምርቃት ናት። አትቆጡ! ከመካከላችሁ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ከሞተሩ በፊት የሻጩን አያት ስም ያልጠየቀ ካለ እጁን ያውጣ... ይኸው፣ ማንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን፣ የምሠራው በኤርሼቫ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባቡራችን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ እኔ በምወጣበት ማለዳ ከቴል አቪቭ ሌላ አገር መኖሩን አልሰማም። አውቶቡሱ ሰምቷል፤ ግን አይቸኩልም። እኔም ስዘገይ፣ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ደግሞ ስዘገይ ከርሜ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል አለቃዬ ሲማ ጠራችኝ።

"ማሚ፣ ሽማግሌዎቹ ይወዱሻል፤ እኔም እወድሻለሁ። ግን ከእንግዲህ አንዴ ከዘገየሽ፣ ኽላስ፣ አለቀ፣ ቅቢዑት የለም!"

ማሚ ማለት የእኔ ውድ ማለት ነው፤ ቅቢዑት ማለት ደግሞ ቋሚ ሥራ ነው። ማንም ብድግ ብሎ "ከነገ ጀምሮ አትምጪ" የማይልሽ። እኔ ባል ከምመኘው ይልቅ እሷን ነበር የምመኘው፤ ባል እንኳ እንደዚያ አያስተማምንም።

ስለዚህ መኪና ልገዛ ወሰንኩ። ያውም በዘመናዊ መንገድ! ጋዜጣ አገላብጬ መኪና መረጥኩ፤ ማኾንም ቀጠሮ ያዝኩ። ማኾን መኪናዋን ከመግዛታችሁ በፊት እንደ በሽተኛ ከሥር እስከ ላይ የሚመረምሩላችሁ ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግሞ ለወንድሟ ለጋሼ ፈረደ ነገረች። ጋሼ ፈረደ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ጎንደር ሳሉ ግን በቅሎ ያሻሽጡ ነበር።

"ሴት ልጅ ብቻዋን መኪና ልትገዛ? ያታልሉሻል!" ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

እሳቸው ባሉበት እንዴት እንደማልታለል አሁን ታያላችሁ።

ዓርብ ጠዋት አፍሪዳር ሰፈር፣ ጋሼ አየልኝ የሚባሉት ሻጭ ቤት ሄድን። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ታጥባ ታበራለች። አጎቴ ዞሯት። ጎማዋን በከዘራ ነካ ነካ አደረጉ። መብራቶቿን ትክ ብለው አዩና "ዓይኗ ጥሩ ነው" አሉ። መቀመጫዋን በመዳፋቸው ጫን ብለው "ወገቧም አይከዳም" አሉ። ሞተሯን ክፈቱልኝ አላሉም፤ በቅሎ ሆዷ ተከፍቶ አይገዛም።

ከዚያ ወደ ዋናው ምርመራ ገቡ።

"ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?"

"የአባ ተገኘ፤ ከአምቦበር።"

"የትኛው ተገኘ?"

"የጥሩወርቅ ልጅ።"

"ጥሩወርቅ! የአለሙ እህት እንዳትሆን?"

"እንዴታ!"

"አንተ! አለሙ እኮ የእናቴ አያት ነው!"

በቃ። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ የሞተውን ሁሉ እያነሱ ተላቀሱ። እናንተዬ፣ እኛ ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት ቆጥረን ዝምድና ከተገኘ "አይሆንም" ተባብለን እንለያያለን። ለመኪና ሲሆን ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዝምድና በተገኘ ሰዓት ሠርጉ አለቀ!

እኔ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው፤ ማኾኑ ዓርብ ለሰንበት ብሎ ቶሎ ይዘጋል።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ማኾን ወስደን እናስመርምራት፤ ቀጠሮ አለኝ" አልኩ።

ጋሼ አየልኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ዘመድሽን ልታስመረምሪ?" አሉ አጎቴ።

"ኧረ መኪናዋን ነው! እሳቸውንማ..."

"ያው ነው!"

"ተዋት፣ ልጅ ናት" አሉ ጋሼ አየልኝ፣ በተሰበረ ድምፅ። "ስሚኝ ልጄ፣ እኔም የምሠራው በኤርሼቫ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የተመላለስኩት በእሷ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ምርመራ አለ?"

እውነት ለመናገር እኔም አመንኩ። ያው መንገድ፣ ያው ከተማ! ማኾኑ ቀረ፤ ዋጋ መከራከሩም ነውር ሆነና ቀረ። አጎቴ "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" ብለው ጨዋታውን ዘጉት። አህያዋ ማን እንደሆነች ያኔ አልገባኝም።

እሑድ ጠዋት፣ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ በኩራት ተነሣሁ። ስዴሮትን አለፍኩ። ነቲቮት ልደርስ ስል የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ... ወጣ... ወጣ... ከዚያ ከመኪናዋ አፍንጫ እንፋሎት ቡልቅ! ዳር ይዤ ቆምኩና ወደ ዘመዴ ደወልኩ።

"ጋሼ አየልኝ፣ መኪናዋ..."

"ዘመዴ! እንደምን አደርሽ? እናትሽ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት፤ መኪናዋ ግን..."

"አጎትሽስ? ያ ጉልበቱ ተሻለው?"

"ጋሼ፣ መኪናዋ ቆመች!"

"ኧረ! የት? ነቲቮት ልትደርሺ ስትይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር?"

"አዎ! እንዴት አወቁ?"

"እዚያ ነው የምትቆመው። ጥላ ትወዳለች። ውሃ አጠጫትና ትንሽ ትረፍ፤ ከዚያ ትሄዳለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምነው ልጄ! ብትጠይቂኝ መች እደብቅሽ ነበር? አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ አልጠየቅሽም።"

ለካ ጨዋነቴም ነው ያስቆመኝ!

መጦሪያው ስደርስ ቁርስ ተነሥቷል። ሲማ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ቅቢዑቱን ለሌላ ሰጠችው፤ የእኔ የሙከራ ጊዜ እንደገና ከሀ ይጀምር ተባለ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ፈረደ! ሽማግሌዎቹ ብዙ አወጡ አወረዱና "ከዘመድ ገንዘብ ማስመለስ ነውር ነው" ብለው ፈረዱ። "ነገር ግን አየልኝ መንገዱ ስለሆነ ያቺን ሸጦ በገዛት በአዲሷ መኪናው ያመላልሳት።"

ያቺ ዓይነ ጥሩ፣ ወገበ ጠንካራ መኪናዬ አሁን ከፎቃችን ሥር ቆማለች። እዚያም ጥላ አላት። እኔን ጋሼ አየልኝ ጠዋት ጠዋት ይወስዱኛል፤ መኪናቸው ድምፅ የላትም፣ ነቲቮትንም ቀና ብላ አታይም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልዘገየሁም፤ ሲማም እንደገና "ማሚ" ማለት ጀምራለች።

ባለፈው ታዲያ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ይቺኛዋስ እንዴት ያለች ናት! ከማን ገዟት?"

"ከአንድ ሩሲያዊ። ስሙንም አላውቀው።"

"ሳያውቁት አመኑት?"

"ምን አሳመነኝ? ማኾን ወስጄ ከላይ እስከ ታች አስመረመርኳት እንጂ!"

"ከዘመድ ቢገዙ አይሻልም ነበር?"

ፍሬን ያዙ። ዞረውም በሐዘኔታ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ደግሞ ከዘመድ መኪና ይገዛል?"