ሦስት ጊዜ «አይ»

ሰው ቤት ሄዳችሁ «ምሳ ቅረቡ» ስትባሉ ምን እንደምትመልሱ አውቃለሁ። «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባትቀምሱም መልሱ ያው ነው። ባለቤቲቱ እንዳልበላችሁ ታውቃለች፤ እናንተም ማወቋን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች። «አይ፣ እውነቴን ነው።» ይሄ ሁለተኛው ነው። በሦስተኛው ላይ ድምፃችሁ ይለሰልሳል፣ ዓይናችሁ ወደ ወጡ ይሸሻል፣ «እንግዲያው ትንሽ ልቅመስ» ብላችሁ እጃችሁን ለመታጠብ ትነሳላችሁ። የመጀመሪያውን «አይ» አምና ሳህኗን ወደ ጓዳ የመለሰች ሴት ካለች ደግሞ፣ ንፉግነቷ ለብዙ ዓመት ይወራል።

እኔ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ሜስኪት ከገባሁ ስንት ዘመኔ፣ ይህን ነገር ግን አልተውኩትም። አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን መጋዘን ስሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከፒዛው ግማሹን ቆርጦ አቀረበልኝ። «አይ፣ በልቻለሁ» አልኩት። «ኦኬ» አለና ግማሹንም ደርቦ በላው። እኔ ሁለተኛውን ግብዣ እየጠበቅኩ ካርቶኑን ወደ ቆሻሻ ሲወረውር አየሁ። ያን ቀን ጾሜን ዋልኩ።

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሶልያና በዚህ በኩል ጥርት ያለች አሜሪካዊት ናት። ትበያለሽ? ኖ። አለቀ። እንግዳ ሲመጣም «እንቢ ካሉ ለምን ትጨቀጭቋቸዋላችሁ? ኖ ማለት ኖ ነው» እያለች እናቷን ታርማለች። እኔም ይሉኝታ የሚባለው ነገር ውቅያኖሱን ሳይሻገር የቀረ ሻንጣ ነው ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከኤርፖርት እንግዳ አነሳለሁ፣ አንዳንዴም ለብቻቸው ቫን የሚከራዩ ቤተሰቦችን ይዤ ዳላስንና ፎርት ወርዝን አስጎበኛለሁ። ከኦሃዮ ለመጣ ልጅ ቀንዳቸው ረጃጅም ከብቶች በአስፋልት መሐል ሲነዱ አሳይቻለሁ፤ ለራሴ ልጆች ግን አላሳየሁም። ለነሱ ያለኝ «ቅዳሜ» ብቻ ነው። የትኛው ቅዳሜ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እነሱም መጠየቅ ትተዋል። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ ውዬ ቤት ስገባ ቃል አይወጣኝም። ትንሹ ልጄ ኪሩቤል በአንድ ወቅት ለአስተማሪው «አባቴ ሥራው መተኛት ነው» ብሎ ነግሯታል።

አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው ባለቤቴ ጽጌ ናት የመርከብ ሽርሽሩን ያመጣችው። «ወይ አብረኸን ትሄዳለህ፣ ወይ ያለ አንተ እንሄዳለን» አለች። አምስት ሰዓት ነድተን ጋልቨስተን ወደብ ደረስን፣ ፎቅ የሚያክል መርከብ ላይ ወጣን። እዚያም ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ልጆቹ ወደ መዋኛው ጠፉ፣ እኔ ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መርከቡ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት ላይ ሲቆም ግን ደንግጬ ተነሳሁ። ሶልያና ከእንግዲህ ከአባቷ ጋር መዋልን የምትፈልገው ስንት ዓመት ነው? ሁለት? አንድ? ይቺን አንዲት ቀን ከልጆቼ ጋር ካላሳለፍኳት ሌላ ቀን እንደማይመጣ በደንብ ገባኝ።

መርከቡ የራሱ ጉብኝት አለው። አርባ ሰው ከአንድ ባንዲራ ኋላ ይሰለፋል። «የኔ ልጆች ባንዲራ አይከተሉም» አልኩና የግል መኪና ያዝኩ። ጽጌ ወረቀቱን አነበበችልኝ፤ በመርከቡ ጉብኝት የሄደ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ በግሉ የወጣን ግን ጥሎት ይሄዳል። «እኔ ሾፌር ነኝ እኮ» አልኳት። ፓስፖርታችንን መኝታ ክፍላችን ቆልፈን ወረድን።

አስጎብኚያችን ራሞን ይባላል። የኔ እኩያ ነው፤ ቫኑ ንጹህ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እንግሊዝኛው ስለ ፍርስራሽና ስለ አዞ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ሶልያና ትምህርት ቤት በተማረችው ስፓኒሽ ትደርስለታለች። የድሮ ሰዎች የሠሩትን የድንጋይ ቤት አሳየን፣ አዞው ያለበትን ኩሬ አሳየን። እኔ ጎኑ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ዋልኩ። መስተዋቱን አየ ወይ? አየ። ከፊቱ ካለው መኪና ርቀቱን ጠበቀ ወይ? ጠበቀ። ልጆቹ ከኋላ ይስቃሉ፣ እኔ የሰው መንዳት እገመግማለሁ።

ለምሳ ነፋሻማው ባሕር ዳር ካለ አንድ ዓሣ ቤት ቆምን። ራሞን እኛን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የውሃ ጠርሙሱን ይዞ ዛፍ ሥር ሄደ። ያንን ዛፍ አውቀዋለሁ። እኔም ፎርት ወርዝ አንድ አለኝ፤ እንግዶቼ ምግብ ቤት ውስጥ ስጋ ሲበሉ እኔ ጥላው ሥር ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ። በስንቱ ዓመት «ና አብረን እንብላ» ያለኝ ሰው የለም። ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ይሄ ሰው ለብቻው አይበላም» ብዬ ወደ ጽጌ ስዞር፣ እሷ ቀድማኝ ተነስታ ኖሯል።

«ና ወንድሜ፣ ብላ» አለችው በአማርኛ፤ ሶልያና ተረጎመች።

ራሞን ፈገግ ብሎ መለሰ። «በልቻለሁ ነው የሚለው» አለች ሶልያና።

እኔና ጽጌ ተያየን። በልቻለሁ። ይህንን ደግሞ ማን ያጣዋል።

ጽጌ ደገመች። «ሥራ ላይ አልበላም ነው የሚለው።» ሠለሰች። በዚህ ጊዜ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። «ማሚ፣ ዶክተር ከልክሎኛል እያለሽ ነው። ጨጓራ ምናምን አለበት። ሶ ኖ ብሏል፣ ኖ ማለት ኖ ነው።»

«ዶክተር የማይከለክለው ነገር አለ?» አለች ጽጌ። «በሞቴ በይው።»

«ማሚ፣ እንደዚያ አይባልም።»

«በይው ብያለሁ።»

ልጄ ቃል በቃል ተረጎመችው። ራሞን ሞት የሚል ቃል ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ሲሰማ ደነገጠ፣ ጽጌን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀና መጥቶ ተቀመጠ። ጽጌ ለመርከቡ አልጫ ምግብ ብላ በቦርሳዋ የያዘቻትን ሚጥሚጣ ዓሣው ላይ ነስነስ አድርጋ አጎረሰችው። የኛ ጉርሻ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ሁለተኛውን አስከተለች። ሦስተኛውን እኔ አጎረስኩ። ሰውየው ሳቀ፣ ስለ ልጆቹ አወራን፣ በእውነት ቤተሰብ ሆንን። በሕይወቴ እንደዚያ የረካሁበት ምሳ ጥቂት ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ራሞን መኪናውን ዳር አስያዘ። ግንባሩ በላብ ተዘፍቋል፣ መሪው ላይ ተደፍቷል። በልቻለሁ ያለው በልቶ ነበር። ሥራ ላይ አልበላም ያለው ስለማይስማማው ነበር። ዶክተር ከልክሎኛል ያለውም ዶክተር ስለከለከለው። ሰውየው ሦስት ጊዜ እውነቱን ነግሮን ነበር።

መርከቡ መሳፈሪያውን ሊዘጋ አንድ ሰዓት አልቀረውም። ጽጌና እኔ ራሞንን ደግፈን የኋላው ወንበር ላይ አስተኛነው፤ በምልክት ቁልፉን ሰጠኝና መሪውን ያዝኩ። እረፍት ላይ ያለሁት ሰውዬ ይኸው ተመልሼ ሥራ ገባሁ። ኪሩቤል ፈርቶ እናቱ ላይ ተለጥፏል፣ ሶልያና ከንፈሯን ትነክሳለች። ምን ላድርግ? እንግዳ ሲፈራ የማደርገውን አደረግሁ፤ ማውራት ጀመርኩ። «ክቡራንና ክቡራት፣ በቀኝ በኩል የምታዩት ባሕር ነው። በግራም ዛፍ። ስለ ዛፉ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ፎርት ወርዝ ከብቶች ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።» ነገርኳቸውም። ከብቶቹን፣ ዳላስ ያለውን ነጭ ድልድይ፣ አንድ እንግዳዬ ቫን ውስጥ ረስቷት የሄደውን አማቱን። ኪሩቤል መሳቅ ጀመረ። ከኋላ ራሞን እንኳ፣ ምንም ሳይገባው፣ አንዴ ፈገግ ሲል በመስተዋቱ አየሁት።

«አባቢ» አለች ሶልያና፣ «ይሄን ሁሉ ለሰው ታወራለህ?»

«ሥራዬ ነው።»

«እኛ ጋር አታወራም እኮ።» ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። መንገዱን አየሁ።

ከተማው መግቢያ ላይ ራሞን ቀና ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ። «ቤቴ አትውሰዱኝ፣ ቀጥታ ወደብ ሂዱ፣ መርከቡ ያመልጣችኋል ነው የሚለው» አለች ሶልያና። ዞር ብላ አየችውና ጨመረች፤ «ይሄኛው ኖ ግን የእናንተ ዓይነት ይመስለኛል።»

ወደ ቤቱ ታጠፍኩ።

ራሞን በእጁ እያመለከተ አደረሰን፤ ባለቤቱ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ በር ላይ ወጣች። አንዴ አይታው ገብቷታል፣ ተቆጣችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ መለሰላት። «ርቦኝ ራሴ ነው የበላሁት እያላት ነው» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። የጽጌ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ ነኝ ያበላሁት በያት፣ ልጄ። ወንድም ስላደረግሁት ነው በያት።» ሴትየዋ ትርጉሙን ሰምታ ጽጌን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ከዚያ ሳቀች። የራሞን እናትም እሁድ እሁድ እንደዚሁ በግድ እንደሚያበሉት ነገረችን። መድኃኒቱን አስዋጠችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ቀለሙ ሲመለስ አየን። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ግቡ፣ ብሉ አለች።

«አይ» አልን። በእናታችሁ፣ መርከቡ ሊሄድ ነው። «አይ» አልን ደግመን። እውነተኛ «አይ» እንዴት እንደሚባል አለማወቃችንን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ድምፃችን ሁሉ ይለሳለሳል። ቆመን አራት ብርጭቆ ቀይ የአበባ ጭማቂ ጠጣን። ወደብ ያደረሰችን ራሷ ናት፤ ፍሬን መርገጥ ከነመኖሩም የረሳች ሴት። መሳፈሪያው ላይ ከኛ ኋላ የነበሩት ሁለት ሰካራሞች ብቻ ናቸው።

ከጋልቨስተን ወደ ሜስኪት ስንመለስ ጽጌና ኪሩቤል ከኋላ ተኙ። ሶልያና ጎኔ ተቀመጠች። ሬዲዮውን አጠፋሁ።

«ቅዳሜ ፎርት ወርዝ ልውሰዳችሁ? ከብቶቹን አሳያችኋለሁ» አልኳት።

«አይ፣ ኢትስ ኦኬ» አለች በመስኮት እያየች።

 የራሞን ፊት መጣብኝ። ኖ ማለት ኖ ነው፤ ልጅቷ ስንት ጊዜ አስተምራናለች፣ አንድ ሰው ጨጓራውን ከፍሎ ደግሞ አስተምሮናል። ከዚህ በላይ ብጨቀጭቃት ተማሪ አይደለሁም። ብዙ መንገድ ነዳሁ። ፈርቼም ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዘገየሁ መስሎኝ ነበር። ግን የለመደ አፍ አይደል።

«የምሬን ነው፣ ልውሰዳችሁ።»

«አይ፣ ቅዳሜ ትሠራለህ እኮ።»

«አልሠራም።»

«አይ… ማለቴ፣ ደክሞሃል። ትተኛለህ።» ድምጿ ለሰለሰ። ዓይኗን ከመስኮቱ አንስታ ወደ እኔ አደረገች።

ይህቺ ናት እንግዲህ አሜሪካዊቷ ልጄ። ሻንጣው የቀረ መስሎኝ ነበር፤ አዝላው የኖረችው እሷ ናት። የስንቱን ቅዳሜ «አይ» እንደ ባልደረባዬ «ኦኬ» ብዬ ደርቤ እንደበላሁት ሳስብ መንገዱ ትንሽ ደበዘዘብኝ።

«በሞቴ» አልኳት።

ሳቀች። «ስንት ሰዓት ነው ፒክ የምታደርገን?»

«በጠዋት። የግል ጉብኝት ነው፣ ሌላ ሰው የለም።»

«ኦኬ። ግን ሾፌሩ ከኛ ጋር ነው ምሳ የሚበላው፤ ዛፍ ሥር የለም።»

ለካ ያን ቀን ዛፉን እያየሁ የሆንኩትን አይታለች። 

«አይ፣ እኔ በልቼ ነው የምመጣው» አልኳት።

ሶልያና አመልካች ጣቷን ቀና አደረገች። «አንድ» አለች።