ከጠጋኙ ጎን የሚቀመጡት እትዬ ሙሉእመቤት

ከክርያት ቢያሊክ ወደ ሀዳር ሰፈር በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወታደር እንቅልፍ ጥሏት፣ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጭንቅላቷ ከመስታወቱ ጋር ይላተም ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ነጠላቸውን አጣጥፈው በልጅቱና በመስታወቱ መካከል ሸጎጡላት። መውረጃቸው ሲደርስ ነጠላውን ቢስቡ እንዳትነቃ ፈርተው ሁለት ፌርማታ አለፉ። ሴትዮዋ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉእመቤት ነበሩ። ይህን ማየቴ ጦስ አመጣብኝ። አብሬያቸው ወርጄ በእግር ስንመለስ ኮምፒውተራቸው እንደታመመ አጫወቱኝ፤ እኔም ልቤ ራርቶ ስለነበር አየዋለሁ አልኩ።

በዓለም ላይ አንድ ዕቃ የሚጠግን ሰው ካለ፣ በርጩማ ስቦ አጠገቡ የሚመክር ሌላ ሰው አለ። መብራት ይይዝለታል፤ መብራቱን የሚያበራው ግን ወደ ራሱ ሐሳብ ነው። ክብርት እትዬ ሙሉእመቤት የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። የሕንጻችንን ሊፍት ሊሠራ የመጣውን ሰው በመጀመሪያ ከሚስቱ ጋር እንዲታረቅ መክረውታል፤ ሊፍቱም፣ እውነት ለመናገር፣ በዚያው ቀን ሠርቷል። ምክራቸው ሁሌም "አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን" ብሎ ይጀምራል። ከ"ግን" በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

እኔ ደግሞ ትምህርቴን ከመጽሐፍ የለቃቀምኩ፣ በምሠራበት የወደብ መጋዘን አንድ ቀን የተነቀለ ገመድ መልሼ ሰክቼ ከዚያ ወዲህ ራሴን ኢንጂነር ብዬ የሾምኩ ሰው ነኝ።

ኮምፒውተሩ ያጸዱት ከነበረ ቢሮ ሊጣል ሲል ለምነው ያመጡት ነው። ዊንዶውስ 98 የሚሠራበት፣ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል ሣጥን። ያልተጣለበት ምክንያት ግን ቀልድ አይደለም። እትዬ ሙሉእመቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ ሽማግሌዎች የነገሯቸውን የዘር ቆጠራ በሁለት ጣት ጽፈውበታል። በእኛ ከኢትዮጵያ በመጣን አይሁዶች ዘንድ ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ በሰባቱ ውስጥ ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፣ ሰርግ የለም። ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ የፊደል ፕሮግራም ስለሆነ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ጭረት ብቻ ይታያል። ፕሮግራሙ ያለ ማውስ አይከፈትም፤ ማውሱ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልንቀሳቀስ ብሏል።

የእህታቸው የልጅ ልጅ ሊያል፣ ዮታም ለሚባል ልጅ ታጭታለች። በአንድ ለቅሶ ቤት አንድ ሰው የሁለቱ ዘር ከአንድ ቤት መሰለኝ ብሎ ተናገረ። ነገሩን የሚያውቁት አዛውንት ሁሉ አልፈዋል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች መልሱን ሊሰሙ በማግስቱ ይመጣሉ። ሊያል ከቀትር ጀምራ አራት ጊዜ ደውላለች።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ችግሩ ድራይቨር ነው አልኩ፤ ማውስንና ኮምፒውተርን የሚያስተዋውቅ ትንሽ ፕሮግራም።

"አማላጅ ነው በለኛ" አሉ በርጩማቸውን እየሳቡ።

የቀስት ቁልፎችን እየነካካሁ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ በዕብራይስጥ "ይህ መሣሪያ በትክክል እየሠራ ነው" ይላል። ውሸታም አልኩት። ድራይቨሩን ነቀልኩ፣ አጠፋሁ፣ አስነሣሁ፣ ከአሮጌ ሲዲ መልሼ ጫንኩ። አሁንም በትክክል እየሠራ ነው። እትዬ ሙሉእመቤት ሽማግሌ እንደማይሰደብ አስታወሱኝና ጨመሩ፦ "አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን ደህና ነኝ ካለ ባምነው ይሻለኛል።" ማሽን ስለ ራሱ እንደማያውቅ አጭር ትምህርት ሰጠኋቸው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ ዳዊት መድገም ጀመርኩ፣ ያውም የጭንቁን።

መላው ሲጠፋኝ ማውሱን ገለበጥኩት። የድሮ ማውስ በሆዱ ውስጥ የምትንከባለል የጎማ ኳስ አለችው፤ ያለ እሷ ቢገፉት ቢጎትቱት ምንም አይሆንም። ሆዱ ባዶ ነበር።

"ኳሷ የታለች?"

"ለፋሲካ አጥቤ በዓመት አንዴ ከሚወጣው የፋሲካ ዕቃ ጋር አስቀምጫታለሁ" አሉ፣ ጨው የት እንዳለ እንደሚናገር ሰው ተረጋግተው። "ፍርፋሪ ተለጥፎባት ነበር። በፋሲካ እርሾ የነካው ነገር በቤቴ ይደር?"

"ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ ድራይቨር አልክ እንጂ ኳስ መቼ አልክ? ባለሙያ ነው ብዬ አከበርኩህ።"

ሰውን ሁሉ የሚመክሩት ሴት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ዝም ቢሉ፣ ዝምታው የደረሰው ለእኔ ነው።

የፋሲካው ካርቶን በነጭ ጨርቅ ታስሮ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር። እጄን ሁለት ጊዜ አስታጠቡኝ፤ የቡሬካስ፣ የዚህ አገር ሳምቡሳ፣ ፍርፋሪ ያለበትን ሸሚዜንም አስወለቁኝ። የተከበረው ኢንጂነር በካናቴራ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ከፋሲካ ብርጭቆዎች መካከል አንዲት ኳስ አወረደ።

ኳሷን ከትቼ ማውሱን ስገፋው በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ወዲያ የእኔ እውቀት አልተፈለገም፤ ቦታዬን ለቀቅሁላቸው። የሊያልን ዘር በግራ እጃቸው ጣቶች፣ የዮታምን በቀኝ እየቆጠሩ ስም በስም ሽቅብ ወጡ። አምስተኛው ላይ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስም መጣ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መነጽራቸውን ጠርገው ከስሙ ጎን ያለውን አነበቡ። አንዱ የወገራ፣ ሌላው የወልቃይት ሰው ነበር። ተነፈስኩ። ሁለቱ ዘሮች የተገናኙት በስምንተኛው ነው። ስልኩን አንስተው ለሊያል "ስምንት" አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከወዲያ በኩል ልቅሶ ተሰማ፣ ጥሩው ዓይነት።

ሸሚዜን እየለበስኩ አሰብኩት። ያን ሣጥን ለእኔ ብቻ ቢተውልኝ፣ ሞቷል ብዬ ፈርጄ በዚያው ሳምንት ከቆሻሻው ጋር አወጣው ነበር፤ ከነስሞቹ። አጠገቤ ተቀምጦ የሚመክር ሰው ስላልነፈገኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጮክ ብዬ አላመሰገንኩም፤ ከሰሙ ይብስባቸዋል።

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። በእጃቸው አዲስ ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ ይዘዋል።

"ልጄ፣ የእኔ ዓይን ደክሟል። አንተ ታነባለህ፤ የሚያነብ ሰው ስም አይዘልም። ይሄን ሁሉ በእጅህ ትገለብጥልኛለህ?"