የተገመገመው ላፕቶፕ

[መካነ ሰላም፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት። መብራት ጠፍቷል። ይህን የእህቱን ጽሕፈት ቤት ለዛሬ የሚጠብቀው ኸይሩ ላፕቶፕ ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የወረዳው ባለሙያ አድማሴ ለዞን ሥራ የሚወዳደርበትን ማመልከቻ ያስጽፈዋል።]

አድማሴ፦ ፍጠን ስልህ ጭራሽ እጅህን አጣጠፍክ?

ኸይሩ፦ ወላሂ፣ ጋሽ አድማሴ፣ ባትሪ እየቆጠብኩ ነው።

አድማሴ፦ መጻፍ አቁመህ?

ኸይሩ፦ እርስዎ አይደሉ እንዴ "ላፕቶፕ ሥራ ሲያጣ ባትሪ አይበላም" ያሉኝ? ሥራ ነሳሁት።

አድማሴ፦ ወይ ያንተ ነገር! ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። ማመልከቻዬ በፍላሽ ሆኖ በደሴው ሚኒባስ ካልሄደ ዕድሜ ልኬን እዚሁ ቀረሁ! ስማ፣ እኔ ደሴ ሠልጥኜበት ነው የመጣሁት። ዊንዶውሱ አለቃ ነው፤ ውስጡ ያለው አንጎሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሠራተኛ። ሥራ ሲበዛ አለቃው "ሩጥ!" ይለዋል። ሥራ ሲቀንስ "ቀስ በል" ይለዋል፤ ያኔ ባትሪው ይበረክታል።

ኸይሩ፦ እኔ አንድ ፊደል መትቼ ሌላውን እስክፈልግስ?

አድማሴ፦ ቀስ ይላል።

ኸይሩ፦ በኔ አጻጻፍማ ቀኑን ሙሉ እረፍት ላይ ነው በሉኛ! የታደለ።

አድማሴ፦ [ደንገጥ ብሎ] ምን? በእኔ ማመልከቻ ላይ ነው የሚያርፈው?

ኸይሩ፦ ምን ያድርግ? ጣቴን እየጠበቀ።

አድማሴ፦ እኔን ባለፈው ግምገማ "ሥራ የለም ብሎ ወንበር ላይ ያንቀላፋል" ብለው አብጠልጥለውኝ፣ ይኼ በአለቃው ፈቃድ ሊያንቀላፋ? ኪራይ ሰብሳቢ! ወዲህ በለው! [ነጥቆ ይነካካል] "ሁልጊዜ ሙሉ ፍጥነት"። ይኸው!

[የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ይጀምራል።]

ኸይሩ፦ ያረቢ! ምን ነካው?

አድማሴ፦ ሥራ ጀመረ! ልማታዊ ማሽን ማለት ይኼ ነው።

ኸይሩ፦ እኔ ገና "ለ"ን እየፈለግኩ ነው። ምኑን ነው የሚሠራው?

አድማሴ፦ አንተ ተነሳሽነቱን እይለት!

ኸይሩ፦ እጄን ፈጀኝ እኮ። ባትሪውም እየወረደ ነው። ወደ ቀድሞው ልመልሰው?

አድማሴ፦ ሠራተኛ ማሠራት ካንተ አልማርም። ጻፍ!

[ከውጭ የረዳት ጩኸት፦ "አቀስታ! ደሴ! የሞላ!"]

ኸይሩ፦ እስካሁን ያለውን እንኳ ፍላሹ ላይ ላስቀምጠው?

አድማሴ፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የቀረን፤ አትነዝንዘኝ! "አመልካቹ ያለውን ሀብት…"

ኸይሩ፦ [እየፈለገ] "…ሀብት…"

አድማሴ፦ "…በቁጠባ በመጠቀም የተመሰገነ ነው።"

[ላፕቶፑ ይጠፋል። ማራገቢያው ጸጥ ይላል። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ይሰማል።]

አድማሴ፦ ወይኔ! ወይኔ አድማሴ! ሄደብኝ! ይኼ ነገር እንዲሁ አይታለፍም፤ ጥፋተኛው በግምገማ ይለይ!

ኸይሩ፦ [ላፕቶፑን ቀስ ብሎ እየከደነ] አብሽሩ፣ ጋሼ። ማሽኑስ ሒሱን ውጦ ዝም ብሏል፤ ተራው የእርስዎ ነው።