ክቡር የንፍጥ ጠበቃ

ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ መምጣት የማያውቅ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ለቅሶ ቤት እንኳ የሟችን ወንድም የኮት ትከሻ ያያል። ግንበኛ ከሆነ ሰላምታ ሳይሰጥ ግድግዳ ያንኳኳል። ይህ ሁሉ ይቻላል። የአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ አባት ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት የበግና የላም የአየር ቧንቧ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው እየቆረጡ፣ በቀለም እየነከሩ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የኖሩ የላቦራቶሪ ሰው ናቸው። ስለዚህ የቤቱ ጨዋታ ንፍጥ ነው።

"ንፍጥ ዘበኛ ነው" ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በተለይ ሰው ሲጎርስ። ቧንቧው ውስጥ ጽዋ የሚመስሉ ሴሎች አሉ፤ ከሥራቸው ዕጢዎች ተቀብረዋል፤ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ አቧራው እዚያ ይያዛል፤ ጥቃቅን ፀጉሮች ወደ ላይ ጠርገው ያወጡታል። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ደጅ ሲጣሉ አንዱ ሌላውን "ንፍጣም" ብሎ ሰደበው። ክቡርነታቸው በነጠላ ጫማ ወጥተው ተሰዳቢውን እንኳን ደስ አለህ አሉት፤ ተሳዳቢውን ደግሞ ያንተ ቢደርቅ ምን ይውጥህ ነበር ብለው ሩብ ሰዓት አስተማሩት። ልጆቹ ወዲያው ታረቁ፤ ሌላ ማምለጫ አልነበራቸውም።

ልጃቸው ይህን ለምዳዋለች። የምትፈራው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የምትወደውን አናጢ ወደ ቤት ይዛ የምትመጣበትን። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ያልወደዱትን ሰው አታገባም። አናጢውም፣ ፍርሃቷ ያነሰ ይመስል፣ ጉንፋን ይዞት መጣ።

ገና ከመቀመጡ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። የአባትየው ዓይን በራ። ስለ ዘመዶቹ አልጠየቁትም፤ ምን አስበህ መጣህም አላሉትም። የአክታውን ቀለም ጠየቁት። ወፍራም ነው ቀጭን? ጠዋት ይብሳል ማታ? እንጨት ስንት ዓመት ላግህ? ላብ እያጠመቀው "አሥራ አንድ" አለ። ያኔ ጓዳ ገብተው ክዳን ያለው የአክታ ብልቃጥ አመጡና፣ ሌላ ሰው ውኃ እንደሚያቀርብ፣ ከፊቱ አስቀመጡለት። አናጢው ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

"አባረርከው፣ አባዬ" አለች።

እሳቸው ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሱት።

ሦስት ቀን አልደወለላትም፤ እሷም አባቷን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ይቅርታ ልትለምነው የእንጨት ሥራ ቤቱ ሄደች። ማሽኑ ቆሟል፣ ሰጋቱራው ገና አየር ላይ ነው። መሐል ላይ አባቷ ቆመው ለአናጢው የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ እያሰሩለት ነበር። ሦስቱንም ቀን እየተመላለሱ ሲያስተምሩት ከርመዋል፤ ያልደወለውም እሳቸውን አቋርጦ ስልክ የሚያነሳበት ፋታ አጥቶ ነው።

"ዕጢዎቹ ምን ያህል እንደሚችሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም" ይሉታል። "ግን አቧራ ሲበዛባቸው ያብጣሉ፤ ፈሳሹ ይበዛና መልሶ ቧንቧውን ይዘጋዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሳታስር ማሽን አትነካም።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"እሺ ብቻ አይበቃም። ልጄ በወጣትነቷ ባሏን ስትቀብር ማየት አልፈልግም።"

ባሏን ነው ያሉት። በሩ ላይ እንደቆመች እንባዋ መጣ፣ አፍንጫዋም ተከተለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ፊት ያፈረችባቸውን አባቷን እንደዚያ ሰዓት ወድዳቸው አታውቅም። ስለ ንፍጧ የሚጠይቋትን ሁሉ ልትመልስላቸው ቆርጣ ገባች።