ሠርጌ በግሌን ሳሎን

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፤ እኔም ትናንት ፈራ ተባ እያልኩ ተኛሁና የማይታይ አየሁ። የፈራሁት የቤት ገማቹን ነበር። ባለቤቴ የምሥራች እዚህ ዴንቨር ባለው ቤታችን ምድር ቤት የሕፃናት ማቆያ ልትከፍት ቤቱን አስይዛ ብድር ጠይቃለች፤ ባንኩ ደግሞ መጀመሪያ የቤቱ ዋጋ ይገመት ብሏል። ባለፈው ወር የመጣው ገማች ከጎረቤታችን ከግሌን ቤት ጋር በአንድ ፕላን የተሠራውን ቤታችንን በዚያኛው ግማሽ ዋጋ ገምቶት ሄደ። ግሌን ነጭ ነው፤ እኛ ደግሞ ያው እንደምታውቁን ነን። ዛሬ የሚመጣው ሁለተኛው ገማች ነው። እሱም እንደ ፊተኛው ከገመተ ማቆያው ቀረ ማለት ነው።

በሕልሜ ነጋ። በሩን ስከፍት የሰፈሩ ነጮች በሙሉ መዶሻና ምስማር ይዘው ተሰልፈዋል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከሁሉም ኋላ ቆሞ የተራ ቁጥሩን አጥብቆ ይዟል፤ ቁጥር የሚጠራው የግሌን ውሻ ነበር።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኩ።

«ፎቶ» አለ ግሌን አንገቱን ደፍቶ። «ገማቹ እየመጣ ነው። ጥቁር ዘመድ ያልሰቀለ ቤት ዋጋ የለውም። አንድ አክስት እንኳ አታጣልኝም።»

አንጀቴን በላውና የሠርግ ፎቶዬን ሰጠሁት። ለሌላው አጎቴን፣ ለሌላው የክርስትና እናቴን አደልኩ። ፎቶ ያልደረሳቸው አንዲት ሴትዮ ባዶ ድስት ይዘው መጥተው «እባክህ፣ ሳሎኔ ትንሽ ሽሮ ሽሮ ይሽተትልኝ» ብለው ለመኑኝ። መንገድ ላይ አንድ ፖሊስ ራሱን አስቁሞ ራሱን መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አየና ራሱን ተጠራጠረ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ የግሌን ሳሎን ውስጥ ነኝ። ገማቹ ሜትሩን ሲዘረጋ ሜትሩ ተጠምዝዞ የገማቹን ቁመት ለካ። ሰውዬው ምንም አልመሰለው፤ የሠርግ ፎቶዬ ፊት ቆመ።

«ሙሽራው አንተ ነህ?»

«አዎ» አለ ግሌን፣ ላቡ እየወረደ። «ያኔ ጸጉርም ነበረኝ።»

«ያስታውቃል። እኛ እኮ የሰው መልክ አናይም፤ የምናየው ግድግዳ ብቻ ነው» ብሎ ትልቅ ግምት ጻፈለት።

ሳቄ አፈነኝ። ቀጥሎ የኔ ተራ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ክው አልኩ። አንድም ዘመድ ሳላስቀር አድዬ ግድግዳዬ ባዶ ነው። እየሮጥኩ የየቤቱን በር አንኳኳሁ። የክርስትና እናቴን የወሰደው ሰውዬ በሩን ገርበብ አድርጎ «እሷማ እናቴ ናት» አለኝ። ስንጓተት ግድግዳው ዷ፣ ዷ ሲል ነቃሁ።

እውነትም ሳሎናችን ውስጥ መዶሻ ይመታል። ብቅ ስል የምሥራች ወንበር ላይ ቆማ የልጆቻችንን ፎቶ ታወርዳለች። ግሌን በነጠላ ጫማ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ዓሣ ያንጠለጠሉ አያቱን በቦታው ይሰቅላል።

«ተነሳህ? ጃኬትህን ልበስና እነግሌን ቤት ሂድልኝ» አለች ባለቤቴ። «ገማቹ ሲመጣ የዚህ ቤት ባለቤት ግሌን ነው። ጨርሶ እስኪሄድ ዝር እንዳትል።»

ግሌን ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ የዘር ነገር እኮ በዚህ አገር ድሮ ቀርቷል። ይልቅ ሰውዬው ሳይደርስ ልጆቹን በጓሮ በር አስወጣቸው።»